ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር

ባለቤቴ ኮቦ ውስጥ የመኪና ወንበር እየሰፋ ነበር የሚያስተዳድረን። ሱቃችን ከመናኸሪያው ወረድ ብላ አስፋልቱ ዳር የቆመች ባለ አንድ በር የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ደጃፏ ላይ አንድ ግራር አለ፤ ጥላው ከቀትር በኋላ ወደ ጎረቤት ስለሚዞር እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። የቀረውን ሰዓት ቆርቆሮው አናታችን ላይ እየተንጣጣ፣ የማስቲሹ ሽታ እያፈነን፣ ላባችን ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባራችንን በፎጣ አስረን እንሠራለን። የኮቦን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል።

እሱ የነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ከደቡብ ትግራይ በንግድ መጥተው እዚያው ኮቦ ቤት ሠርተው ቀሩ። ንግዱ ግን ለልጃቸው አልሆነለትም፤ ደሴ ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ ወንበር መስፋት ተማረና ተመለሰ። እኔ ሳገባው የማውቀው ጥልፍ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ክር እያቀበልኩት፣ ቀጥሎ የተተረተረ ስፌት እየዘጋሁለት፣ ሳላስበው ሙያው እጄ ገባ።

ሰው ትልቁ ሥራ ወንበሩን ሙሉ በሙሉ ማልበስ ይመስለዋል። ባለቤቴ ግን «አዲስ ልብስ የሸፈነውን ማን ያየዋል? ጭንቁ ትንሿ ቀዳዳ ናት» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ሲጋራ ያቃጠላት የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ዙሪያዋን የከሰለው በምላጭ ጫፍ ይፋቃል፤ ከወንበሩ ሆድ ሥር፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ የጨርቁ ጸጉር ተላጭቶ ከማስቲሽ ጋር እየተደረገ ቀዳዳዋ ቀስ በቀስ ይሞላል። የተቀደደ ከሆነ ከሥሩ አቡጀዴ ይገባና ይለጠፋል፤ ከዚያ በጎባጣ መርፌ፣ ከራሱ ከጨርቁ በተመዘዘ ክር፣ ሁለቱ ጠርዞች ይገጠማሉ። ቅቤ የያዘች ገበያተኛ ተቀምጣበት ያወረዛችውን ደግሞ ዱቄት ነስንሰንበት እናሳድረዋለን። በደንብ የተሠራ እንደሆነ ባለመኪናው ራሱ የቱ ጋ እንደነበር ይጠፋዋል። ባለቤቴ የሚኮራው በዚያ ነበር። «የት ጋ ነበር?» ብለው ሲጠይቁት ፊቱ ይበራል።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያየሁት የውሃ ብርጭቆ ሲያነሳ ነው። «ድካም ነው» አለኝ። ጠበል ሄድን። ደሴም ሄደን ሐኪሙ የነርቭ ነው ብሎ የሚዋጥ ሰጠው። ኪኒኑ እንቅልፍ እንጂ እርጋታ አላመጣለትም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግራው እጁም ተከተለ።

ከዚያ በኋላ የኖርነው የማስመሰል ኑሮ ነበር። መኪና ሲመጣ እሱ ደንበኛውን ያነጋግራል፣ ጎንበስ ብሎ ጉዳቱን ያያል፣ «ነገ ና» ይላል። ሰውየው ሲሄድ በሩን ገርበብ አድርገን እኔ እሰፋለሁ። በማግስቱ ደንበኛው መጥቶ «እጅህን ይባርከው» ሲለው ባለቤቴ አንገቱን ይደፋና እጆቹን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከተማው ይህን ትሕትና አድርጎ ወሰደለት። ምንም አልመሰለኝም ብል ውሸት ነው። አንዳንድ ቀን ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንብሼ የሰፋሁት ነገር በእሱ ስም ሲመሰገን ይከነክነኛል። ከዚያ ኪሱ ውስጥ የሚርገበገበውን እጁን አያለሁና ያልፍልኛል። ሳያልፍልኝ ያደረባቸውም ቀናት አሉ።

ከደንበኞቻችን ሁሉ ለባለቤቴ የሚቀርበው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። የጎብዬ ተወላጅ ሙስሊም ነው፤ ትዳር ይዞ የሚኖረው ግን ኮቦ ነው። ከኮቦ ወልድያ ይሠራል። መኪናዋ የራሱ ስትሆን ወንበሮቿ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያለበት ግራጫ ጨርቅ የለበሱ ነበሩ። ሌሎች ሹፌሮች ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ላስቲክ ሲያለብሱ እሱ እምቢ አለ። «በዚህ ሐሩር ሰው ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ይቀቀል?» ይላል። ስለዚህ ትንሽ በተጫረ ቁጥር ወደ እኛ ይመጣል። እኔ ቤት ውስጥ ስሰፋ እነሱ ውጭ ግራሩ ሥር ተቀምጠው ስለ ዝናብ መዘግየት፣ ስለ ማሽላው፣ አንዳንዴም ስለማይረባ ነገር ይከራከራሉ። የሚሰፋው ባለቤቴ ከሆነ እንዴት ውጭ እንደሚቀመጥ ጠይቆ አያውቅም። አሁን ሳስበው ያወቀ ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ ግን የደበቅን መስሎን ነበር።

አንድ የሰኔ ጠዋት መጣ። ሰማዩ ቢጫ ነው፤ ከዞብል በኩል የሚነሳው ንፋስ አቧራ እንጂ ዝናብ አልያዘም። እንደ ልማዱ ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ አልቀለደም። ወረደና ግራሩ ሥር ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን አላጠፋም።

«ምነው፣ መኪናዋን አታጠፋትም?» አለው ባለቤቴ።

አልሰማውም። «ከኋላዬ ያለውን ወንበር እንድታዩልኝ ነው» አለ። «ተቀዷል።»

«ማን ቀደደው?»

«አንዲት ሴት።»

ባለቤቴ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር። የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው። ሹፌሩ መሬት መሬት እያየ ነገረን።

«ከሦስት ቀን በፊት ነው። ሮቢት ላይ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መሐል አስፋልት ቆመው አስቆሙኝ። ምጥ ሁለት ቀን የያዛት ሴት ናት፤ ከቆላው ሌሊቱን ሙሉ ተሸክመዋት ነው የመጡት። ተሳፋሪዎቹን አሸጋሽጌ ከእኔ ኋላ ያለው ወንበር ላይ አስተኛኋት። ባሏ ጭንቅላቷን ይዞ ነበር። ሲብስባት የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ ትስበዋለች፤ ጨርቁ ሲተረተር ይሰማኛል። ከጎብዬ አለፍ ስንል ድምፁ ቆመ።»

ባለቤቴ አማተበ።

«ሕፃኑስ?» አልኩት።

«ከነሕፃኑ።»

 ባለቤቴ ተነስቶ ሄደና ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋው።

«ወንበሩን ራሴ አጠብኩት» አለ ሹፌሩ። «ወሬው መናኸሪያ ደርሷል፤ ተሳፋሪ እዚያ ላይ አልቀመጥም ይላል። ግን ለእነሱ ብዬ አይደለም። ወሏሂ፣ በመስታወቱ ባየሁት ቁጥር መሪውን እለቃለሁ። እባካችሁ እንዳይታይ አድርጉልኝ።»

ወንበሩን ከነእግሩ ፈትተን ወደ ውስጥ አስገባነው። ቅዳጁ በጠርዙ በኩል ወደ ስንዝር ይሆናል፤ ስፌቱ ተበጥሶ ጨርቁ ራሱ ተተርትሯል። ከቅዳጁ ጎን አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች በመስመር አሉ። የጣት ጥፍር ነው። ሹፌሩ ደጋግሞ ቢያጥበውም የደሙ እድፍ ዳር ዳር እንደ ደረቀ የወንዝ ዳርቻ ቀርቷል።

እንደወትሮው ጎባጣ መርፌውን ላነሳ ስል ባለቤቴ ያዘኝ። «ይህን እኔ ነኝ የምሠራው» አለ።

«እንዴት አድርገህ?»

«ጓደኛዬ ነው። ይህን አንቺ ሠርተሽው እኔ ሠራሁት አልለውም።»

ተውኩት። ምላጩን በሁለት እጁ ይዞ የተተረተረውን ጫፍ ማስተካከል ጀመረ። ሁለት ጊዜ ተሳካለት። ትንፋሹን ይይዛል፣ ይቆርጣል፣ ያርፋል። በሦስተኛው ላይ እጁ ዘለለና ምላጩ ደህናውን ጨርቅ ጣት በሚያክል ርዝመት ሰነጠቀው። የአራቱን የጥፍር ቀዳዳዎች ከበብ አድርጎ ነው የሄደው።  ቀና ስል ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሟል። ውሃ ሊጠይቅ ነበር የመጣው። የባለቤቴን እጅ አየ፣ ምላጩን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ።

ባለቤቴ ምላጩን መሬት ላይ አስቀመጠው። «አየህ» አለው።

«አየሁ።»

«ሁለት ዓመት አለፈው። የምትሰፋው እሷ ናት።»

ሹፌሩ ገባና አጠገቡ ቁጢጥ አለ።  «አብሽር» አለው። ወሎ ውስጥ ይህ ቃል ለሁሉም ይሆናል፤ ለታመመም፣ ላዘነም፣ ለተዋረደም። ባለቤቴ ተነስቶ ወጣና እስኪመሽ ግራሩ ሥር ተቀመጠ። እጆቹን ኪሱ ውስጥ አልከተታቸውም። ጉልበቱ ላይ አስቀምጧቸው እንዳሻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ አላፊ አግዳሚው እያየ።

ያን ወንበር ለመሥራት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ባለቤቴ የሰነጠቀው ቦታ ባይኖር ቅዳጁን ብቻ እዘጋው ነበር። አሁን ግን መካከሉ እንደ ቅጠል ተንጠልጥሏል፤ ቆርጦ ማውጣት እንጂ ሌላ መላ የለውም። ከመኪናዋ መጨረሻ ካለው ረጅም ወንበር ሥር፣ ፀሐይ ካልነካው ቦታ፣ ጨርቅ ቆረጥኩ። ቀለሙ ስለደመቀ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አዋልኩት፤ በእርጥብ አቧራ አሸሁት፤ አጠብኩት፤ እንደገና አዋልኩት። ሰማያዊዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ ገጠምኳቸው።

ቆርጬ ያወጣሁትን ቁራጭ የት እንደማደርገው ግን ጨነቀኝ። የመዳፍ ስፋት አለው። አራቱ ቀዳዳዎች ያሉት እሱ ላይ ነው፤ እድፉም የጠናው እሱ ላይ ነው። ከጥራጊው ጋር ልጥለው አልቻልኩም። ላቃጥለውም እጄ እምቢ አለኝ። በአቡጀዴ ጠቀለልኩና ከስፖንጁ በላይ፣ ከአዲሱ ጨርቅ ሥር አስገብቼ ሰፋሁበት። ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም እንኳ።

ስፖንጁን ሳስተካክል በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ባለው ስንጥቅ እጄን ሰድጄ ነበርና አንድ ነገር ጣቴን ነካኝ። ሳወጣው ቀጭን የብር ቀለበት ነው። ሹፌሩ ወንበሩን ሊወስድ ሲመጣ ሰጠሁት። መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አየው።

«የሷ ነው» አለ።

«ይሆናል።»

«ቤተሰቦቿ ዘንድ መውሰድ አለብኝ።» ይህን ብሎ ግን አልተነሳም። ወንበሩን ገጥሞ፣ ጨርቁን በእጁ ዳብሶ፣ «ምንም አይታይም፤ አልሀምዱሊላህ» ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «ብቻዬን መሄድ አቃተኝ» አለ። «ሁለት ጊዜ ሮቢት መታጠፊያው ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ሴት አብራኝ ብትኖር ይሻለኛል።» ባለቤቴ «ሂጂለት» አለኝ።

ሮቢት ላይ አስፋልቱን ለቀን ወደ ምሥራቅ ታጠፍን። ዝናቡ ስላልመጣ የደረቀው መንገድ መኪና ይይዛል። ግራና ቀኙ በርበሬ ከተነቀለበት ቆይቶ ታርሶ የሚጠብቅ መሬት ነው፤ ገበሬው በየማሳው ዳር ቆሞ ሰማይ ያያል። የተቀመጥኩት ከሹፌሩ ጎን ጋቢና ነበር። ከኋላችን ያለውን ወንበር ሁለታችንም ዞር ብለን አላየነውም።

የሟች እናት ሃምሳን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ሲነግራት ለቅጽበት የቤቷን ምሰሶ ያዘች። ከዚያ ሰሌን አነጠፈችልን፣ በቅል እርጎ አቀረበችልን። አማቿ፣ የሟች ባል፣ አርባዋ እንኳ ሳይደርስ ሥራ ፍለጋ ወደ አፋር በኩል መውረዱን ነገረችን። ከፍየሎቿ በቀር ግቢው ውስጥ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

«አላህ ጀነት ይስጣት። ላንቺም ሶብሩን ይስጥሽ» አላት ሹፌሩ።

«አሚን።»

ቀለበቱን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች። ወደ ብርሃኑ ወጣ ብላ አገላብጣ አየችው፤ በጣቷ ላይ ሞከረችው። ተመልሳ መጥታ እፊቱ አስቀመጠችው።

«የልጄ አይደለም» አለች።

«ከወንበሩ ውስጥ ነው የተገኘው፣ እናቴ።»

«ልጄ ቀለበት ኖሯት አያውቅም። ያንድ ተሳፋሪ ይሆናል። ባለቤቱን ፈልግለት።»

ሹፌሩ ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ያን ቀለበት ይዞ ነበር፤ እሱ ከሌለ የሚናገረው አልነበረውም። ላቡን ጠረገ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር መናገር ጀመረ።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም አልነገርኩም። ያን ቀን ጎብዬ ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ተሳፋሪ ሁለት ጆንያ ከላይ እስኪያወርድ...»

እናቲቱ እጇን አንስታ አፉ ላይ ልታደርግ ምንም አልቀራትም። «እሱን አትንገረኝ» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «እሱን ካወቅሁ እንዴት አድራለሁ? አላህ ወሰዳት ብዬ ነው የማድረው። እሱን አትቀማኝ፣ ልጄ።»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ።  ባሌን አስታወሰኝ። እርጎውን አንስቼ ጠጣሁ።

እናቲቱ ቀጠለች። «እኔ ያን ቀን አልነበርኩም። ዋጃ እህቴ ዘንድ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ቀኗ ገና ነው ብዬ። ስመለስ ተቀብራ ቆየችኝ።» ከዚያ ወደ መኪናዋ አገጯን አነሳች። «በሷ ናት የሄደችው?»

«በሷ ነው።»

«የተኛችበትን አሳዩኝ።»

አብረን ወጣን። ሹፌሩ ተንሸራታቹን በር ከፈተላት። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ መስጊድ እንደሚገባ ሰው በባዶ እግሯ ገባች። ሹፌሩ ከኋላው ያለውን ወንበር አሳያት። በእጇ ዳበሰችው፤ ከመደገፊያው እስከ ጠርዙ። ጎንበስ ብላ አየች። እንደገና ዳበሰች።

«ሰዎቹ ወንበሩን ቀዳዋለች ብለውኝ ነበር» አለች። «የት ጋ ነው?»

ሹፌሩ ወደ እኔ ተመለከተ። ገባሁና ቦታውን በጣቴ አሳየኋት። ዓይኗን አስጠግታ ፈለገች፤ ጥፍሯን ጠርዙ ላይ ሄድ መለስ አደረገችው። የገጠምኳቸው መስመሮች እንኳ አልተዛነፉም። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

«ምንም የለም እኮ» አለች።

ድምጿ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። የተደናገረ ሰው ድምፅ ነው፤ ልጇ እዚያ ላይ መሞቷን ራሱ የተጠራጠረች ይመስል። ሌላ ወንበር ይሆን ብላ ከኋላ ያሉትንም መዳበስ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ከቦርሳዬ ምላጭ አወጣሁ፤ ሠፊ ሰው ምላጭ ከቦርሳው አይጠፋም። ወንበሩ አጠገብ ተንበርክኬ ስፌቱን አንድ በአንድ በጠስኩት። ሹፌሩ «ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ። ማስቲሹ ሲላቀቅ ድምፅ አለው። አቡጀዴውን አወጣሁና ፈትቼ ቁራጩን መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

«ይህ ነው» አልኳት። «እነዚህ የጥፍሯ ናቸው።»

አራቱን ቀዳዳዎች አየቻቸው። የራሷን አራት ጣቶች አስጠግታ ለካቻቸው፤ ቀዳዳዎቹ ይቀራረባሉ፣ የልጂቱ እጅ ትንሽ ነበር ማለት ነው።  አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየች። ሹፌሩ ወርዶ ከመኪናው ኋላ ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ፀሐይዋ አናቴን ትበሳኛለች። 

ስትወርድ ቁራጩን አጣጥፋ ጉያዋ ከታ ነበር። ትከሻዬን ያዘችኝ። «አብሽሪ» አለችኝ። ልናጽናናት ሄደን እሷ አጽናንታ ሸኘችን።

በመንገድ ላይ ወንበሩን ነገ እንደምጠግነው ለሹፌሩ ነገርኩት። «ተይው» አለኝ። «ለአሁኑ እንደዚሁ ይሁን።» 

ወንበሩ እንደተከፈተ ለወራት አብሮት ሠራ። ተሳፋሪ ሲጠይቀው አይመልስም። ከኋላው ያለው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ስለጠፋ ረዳቱ ጆንያ ይጭንበት ጀመር። የቀለበቱን ባለቤት በየፌርማታው ጠይቆ አጣ። በዚያው ዓመት መኪናዋን ላንድ ያላማጣ ሰው ሸጣት። አዲሱ ባለቤት ከፊት እስከ ኋላ ሁሉንም በላስቲክ ጠረቀመው። ሹፌሩ ራሱ ለሰው ከባድ መኪና እየነዳ ወደ አፋር መመላለስ ያዘ፤ መጀመሪያ በወር አንዴ፣ ኋላ በዓመት አንዴ ብቅ ይልልን ነበር። መጨረሻ ላይ ሚስቱንም ይዞ ወረደ። ስልክ በእጃችን ከገባ በኋላም ደውሎልን አያውቅም። አልወቅስበትም። እኛን ሲያይ ምን እንደሚያይ አውቃለሁ።

ባለቤቴ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደንበኛ ሲመጣ «የምትሰፋው እሷ ናት» ይል ነበር፤ በኩራት ሳይሆን ሸክም እንደሚያወርድ ሰው። ከፊሉ ደንበኛ ቀረ። «የመኪና ወንበር ለሴት?» ያለም ነበር። ከፊሉ ግን አልቀረም፤ በዚያው ኖርን። በሽታው ግን ወደ እግሩ ወረደ፤ ወደ ንግግሩም ዘለቀ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያጎረስኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አፉን እየጠረግሁለት ስለዚያ ወንበር አነሳ። ቃላቱ ተቆራርጠው ነው የሚወጡት፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ምላጩ... ባይስትብኝ... ያቺ ሴት...»

«ባይስትህ ኖሮ የምሰጣት ነገር አይኖረኝም ነበር» አልኩት። «ቆርጬ ያወጣሁት አንተ ስለሳትክ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። አላመነኝም። ያን ቀን እጁ ከድቶት ጓደኛውን ያሳፈረበት ቀን ብቻ አድርጎ ነው ይዞት የሄደው። ክረምት ላይ አረፈ። ቀባሪው ሲመለስ ሱቁን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

እናቲቱን ዳግም አላየኋትም። ልጠይቃት እያሰብኩ ዓመታት አለፉ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ጨርቅ ልገዛ ወልድያ ስመላለስ በሮቢት በኩል አልፋለሁ፤ ሁልጊዜ ዛሬ ወርጄ አያታለሁ እላለሁ። አንድ ቀን ስኳርና ሳሙና ሁሉ ይዤላት ነበር። መኪናው ሮቢት ሲደርስ ዕቃዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በመስኮቱ ይታየኛል፤ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃ ነው፤ ከሩቅ ማሽላው ቁመት ለቋል። ምን እላታለሁ? በሕይወት ባላገኛትስ?

ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ወራጅ አለ?» ብሎ ተጣራ።

ዝም አልኩ። በሩ ተዘጋና መኪናው ሄደ።